አርባ አንድ ቁጥር የሚያደርግ ተጫዋች

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ስምንት ቀን ነው። ስምንት? ሐሙስ መሆኑስ አያጠራጥርም፤ ቆዳ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነውና የዚያን ቀን ጠረጴዛው በጥቅል ቆዳ ተሸፍኖ እንደነበር ቆራጩ ደህና አድርጎ ያስታውሳል። ግን ስምንት ከሆነ ሰፊዋ ገና ከወሊድ ፈቃድ አልተመለሰችም፤ እሷ ደግሞ የዚያን ቀን ስትስቅ በጆሮው ሰምቷል። እንግዲህ አሥራ አምስት ይሁን። በአሥራ አምስት ደግሞ እትዬ ታመው ቤት ውለው ነበር፤ «ስልኩን አስቀምጡና ሥራ ሥሩ» ያለው ድምፅ የማን ነበር ታዲያ? ብቻ ሐሙስ ነው። ወጣሪው ጉጠታቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የታሰረች ስልክ አወጡና፣ «እስቲ ያንን ኳሳችሁን ለእኔም ጫንልኝ» አሉት።

ቆራጩ ቢላውን እንደያዘ ቀረ። ወጣሪው ኳስ አይወዱም። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ «ሃያ ሁለት ሰው ጫማ ሊጨርስ ይሮጣል» ብለው ጥለው የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ወርክሾፑ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጫማ እዚያ በአራት ሰው እጅ ያልፋል። ቆራጩ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ሰፊዋ በመኪና ትሰፋለች፣ ወጣሪው የተሰፋውን በእንጨት እግር ላይ፣ ፎርማ በሚሉት ላይ፣ በጉጠት እየጎተቱ ወጥረው ይቸነክራሉ፤ እትዬ ደግሞ የወርክሾፑ ባለቤት ናቸውና እንከን ይፈልጋሉ። እንከን ካጡ ያኮርፋሉ።

ጨዋታው በስልክ የሚጫወቱት ነው፤ ኳሷን ራሷን ማንም አይነካትም። ሰው ክለብ ይይዛል፣ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ያዛል፤ እሑድ ግጥሚያው በራሱ ይካሄድና ውጤቱ ይመጣል። ሊጉን ያቋቋመው ቆራጩ ነበር። ሁለት ምድብ፣ በየምድቡ አሥር ክለብ፤ የሰፈር ሰው፣ ዘመድ አዝማድ፣ የታችኛው ሱቅ መለዋወጫ ሻጭ ሳይቀር፤ ቆራጩና ሰፊዋ ራሳቸውም አንደኛ ምድብ ውስጥ ናቸው። ቆራጩ ወጣት ሳለ ጉልበቱ ባይሰበር ኖሮ እውነተኛ ተጫዋች ይሆን ነበር፤ እሱ እንደሚለው። ሰፊዋ እንደምትለው ጉልበቱን የሰበረው ከአልጋ ወድቆ ነው።

ወጣሪው ኳስ ለምን እንዳሰኛቸው ግን ሳይጠይቅ ገባው። አንደኛ ምድብ ውስጥ «ባዶ እግር» የሚባል ክለብ አለ። አሠልጣኟ የወጣሪው ልጅ ናት።

ልጅቷ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ያደገችው በዚህ ወርክሾፕ ነው፤ የቆዳ ቁርጥራጭ ላይ ተኝታ፣ ቆራጩን አጎቴ እያለች። የዛሬ አራት ዓመት ስታገባ አባቷ ጫማዋን ሊሠሩላት ቃል ገቡ። ሠሩላትም። አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እግሯ ላይ ያለው የሱቅ ጫማ ነበር። አባት ምሳ ሳይቀርብ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። የእሳቸው ጫማ ጠቧት ይሁን፣ ሙሽራው የገዛላትን ላለማስቀየም ይሁን፣ እሷ አልተናገረችም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ስልክ አላቸው፤ ግን ቀድሞ የደወለ ጥፋቱን አመነ ማለት ነውና ሁለቱም አይደውሉም።

ጨዋታው ግን ሰሌዳ አለው። የአንድ ምድብ አሠልጣኞች እዚያ ላይ ይጻጻፋሉ። በግል መጻፍ አይቻልም፤ የሌላ ምድብ ሰውም አያየውም። መለዋወጫ ሻጩ በዚያው ሰሞን ሰልችቶት አንደኛ ምድብ ውስጥ ያለ ክለቡን ትቶ ነበርና ቆራጩ እሱን ለወጣሪው ሰጣቸው። ስሙን «ጥንድ» አሉት።

በማግሥቱ ወጣሪው ስምንት ተጫዋች ሸጡ። በሳምንቱ ስምንት ገዙ። ቆራጩ ዝርዝሩን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ፤ ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው። ሊመክራቸው አሰበና ተወው። ደግ አደረገ፤ ጥንድ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፈ፣ ሁለተኛውን አሸነፈ፣ ሦስተኛውን አቻ ወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት አከታተለ። ሰፊዋ አራት ለአንድ ከተሸነፈች በኋላ ሁለት ቀን አላናገረቻቸውም።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ላይ ነው ጉዱ የወጣው።

«አንተ ልጅ» አሉት ወጣሪው ቆራጩን፣ የአርባ ስድስት ዓመቱን ልጅ። «ይሄ ገበያችሁ አርባ አንድ ቁጥር የለውም እንዴ?»

«የምን አርባ አንድ?»

«ተጫዋች ነዋ። ሠላሳ ሰባት አገኘሁ፣ በረኛዬ ሠላሳ ስምንት ነው። ከዚያ በላይ ብፈልግ ብፈልግ ባዶ። ወንድ ልጅ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት ካላደረገ መሬቱን በምን ይቆነጥጣል?»

ሰፊዋ ማኘኳን አቆመች። «ጋሼ፣ ቁጥሩ የምን መስሎዎት ነው?»

«የጫማ ነዋ። ከስሙ ጎን ያለው።»

ቆራጩ ስልካቸውን ተቀበላቸው። የመስታወቱ ላይኛው ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ያረፈው ከቁጥሮቹ በላይ «ዕድሜ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ለአርባ ዓመት የጫማ ቁጥር ሲያነብ የኖረ ሰው ከሰው ስም ጎን ሠላሳ ስድስት ቢያይ ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል?

«ታዲያ እነዚያ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ የነበሩት ልጆች…» አለች ሰፊዋ።

«ሸጥኳቸዋ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር እኮ ገና ወፌ ቆመች ለሚባል ሕፃን የሚሠራ ጫማ ነው። ሜዳ አስገብቼ ምን ላድርጋቸው? ልዘላቸው?»

እትዬ እየሳቁ የሶል ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ሰፊዋ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ወጣሪው ሳቁ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ዕድሜ ነው ጋሼ» አለ ቆራጩ በመጨረሻ።

«በረኛዬ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው?»

«አዎ።»

«እና ለምንድን ነው የሚያሸንፈኝ? ማለቴ፣ የሚያሸንፍልኝ?»

ቆራጩ አስረዳቸው። ሽማግሌ ተጫዋች ብልኃቱ ገና አለ፤ ነገ ስለሚወርድ ግን ገዢ የለውም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። ዘጠኝ ሳምንት አንድ የውድድር ዘመን ነው፣ ዘመኑ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ዓመት ይጨምራል። የአሥራ ዘጠኙ ልጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያድጋል። የሃያ አምስቱ በወር አንዴ። ከሠላሳ በኋላ ባለበት ይቆማል። ከሠላሳ ሦስት በኋላ በየሳምንቱ ይወርዳል፤ አርባ የሞላው ያንን ዘመን ጨርሶ ክለቡን ተሰናብቶ ይሄዳል።

«ልምምድ ባሠራውስ?»

«ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ጋሼ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ጋሽ አርባ አንድ ሆነ። መለዋወጫ ሻጩ ከሥር ሆኖ «ጋሽ አርባ አንድ፣ ቡድንዎ ምርኩዝ ይዞ ይገባል ወይስ ሳይዝ?» ይላቸዋል። «አንተ የሸሸኸውን ክለብ ነው በምርኩዝ የማቆመው» ይሉታል።

በሰባተኛው ሳምንት ጥንድ ባዶ እግርን ሁለት ለዜሮ አሸነፈ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ይህ ወጣ፦ «ለተከበሩ የጥንድ አሠልጣኝ። እንኳን ደስ አለዎት። ተጫዋቾችዎ ግን በዕድሜ ሁሉም ታላላቆቼ ናቸው። መምታት ነውር መስሎኝ ነው የተሸነፍኩት።»

ወጣሪው መልሱን ሁለት ቀን አሰቡበት። ጉጠት ይዘው ያስባሉ፣ ምስማር በከንፈራቸው ይዘው ያስባሉ። ረቡዕ ዕለት ጻፉ፦ «ለባዶ እግር አሠልጣኝ። አመሰግናለሁ። ታላቅን ማክበር ከየት እንደተማሩት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።» የቀሩት ስምንት አሠልጣኞች ይህን አነበቡ። ሌላ ጊዜ ሰሌዳው የስድብ ገበያ ነው፤ ሁለቱ ሲጻጻፉ ግን እንደ ታማሚ ክፍል ጸጥ ይል ጀመር።

ሁለተኛው ዘመን ሲገባ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ዓመት ጨመሩ፤ ቆራጩ ያለውም መጣ። ቀድሞ የወረደው ሩጫቸው ነው። ወጣሪውም ሥራቸው ያስተማራቸውን አደረጉ። ቆዳ በአንድ በኩል ሲያጥር ጉጠቱ የሚጎትተው በዚያው በኩል ነው፤ ሩጫ ካጠረ ሩጫን መጎተት። ለሁሉም ሩጫ አዘዙ፣ ከባድ። በሦስተኛው ሳምንት ሩጫው ከቀድሞው በባሰ ወረደ፣ ከሰባት ተጫዋች ስም ጎንም፣ ከበረኛው ሳይቀር፣ ሁሉም አሠልጣኝ የሚያየው «ጉዳት፦ ሩጫ» የሚል ቀይ ምልክት በራ።

ሰሌዳው ላይ «አባዬ» የሚለው ቃል የወጣው ያኔ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ። «አባዬ፣ በረኛን ሩጫ የሚያሠራ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም።»

ወጣሪው ስለዚያ መስመር ለማንም አላወሩም። ግን ስልኩን ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ ሲከፍቱና ሲዘጉ ዋሉ፤ የዚያን ቀን የወጠሩት አንድ ጥንድ ጫማም ግራና ቀኙ ተምታቶ ወጣ። እትዬ እንከን በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ከአሥሩ ክለብ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወደ ሁለተኛ ምድብ ይወርዳሉ። የወረደ ሰው የሚያየው ሌላ ሰሌዳ ነው። ጥንድ ያን ዘመን በሰባተኛነት ተርፎ ጨረሰ፤ በሚቀጥለው ግን በረኛው አርባ ሊሞላው ነበር፣ የቀሩትም ከእሱ ብዙ አይርቁም።

አንድ ጠዋት ደንበኛ የአባቱን ቦት ጫማ ይዞ መጣ፤ አዲስ ሶል ይደረግለት ብሎ። ቆዳው እንደ ቅርፊት ደርቋል። ወጣሪው ፎርማው ላይ አጠለቁት፣ ጉጠቱን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ዘይት በብሩሽ እየነከሩ ይቀቡት ጀመር። መሃል ላይ ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ አሮጌ ቆዳ ይወጠራል?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አይወጠርም። ይሰነጠቃል። አሮጌ ቆዳ ይቀባል።» ብሩሹን ለሰፊዋ አስይዘው ስልካቸውን አወጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ላሉት ሁሉ ልምምዱን ቀላል አደረጉት። ሩጫውን ሰረዙ፤ ቅብብልና ቦታ አያያዝ ብቻ። «ሩጫው ይሂድ። የሚሄድ ነገር ይሂድ። የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ምን ያሯሯጠዋል?»

«ጋሼ፣ ዘይቱ እየተንጠባጠበብኝ ነው» አለች ሰፊዋ።

በዚያው ሳምንት ሁለት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ገዙና ለእነሱ ከባዱን አዘዙ፤ «ይሄ እርጥብ ቆዳ ነው፣ ሳይደርቅ ነው መጎተት» እያሉ። ቆራጩ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰንጠረዥ ሲያሰላው የኖረውን ነገር ሰውየው በአንድ ብሩሽ ደረሱበት። ሐሙስ ዝርዝሩ ሲመጣ ሩጫ እንደተጠበቀው ወርዷል፤ ቀይ ምልክት ግን አንድም የለም። የበረኛው ቦታ አያያዝ ደግሞ፣ በአርባ ዓመቱ፣ በአንዲት ስንጥር ከፍ ብሏል። ወጣሪው ያንን ለሰፊዋ አሳዩ፣ ለእትዬ አሳዩ፣ ደረጃውን ወርደው ለመለዋወጫ ሻጩ አሳዩ።

ሦስተኛው ዘመን እንዲህ እየተቀባ ሄደ። አንድ ያሸንፋሉ፣ ሁለት ይሸነፋሉ፣ አንድ አቻ። ሁለቱ ልጆች ያድጋሉ፤ ግን ለመድረስ ሌላ አንድ ዓመት ይቀራቸዋል። ሰሌዳው ላይ አባትና ልጅ በየቀኑ ይጻጻፋሉ። እሷ ስለ ተከላካይ ታማክራቸዋለች፤ እሳቸው ከባዶ እግር ይልቅ ነጠላ ጫማ ይሻል ነበር እያሉ በክለቧ ስም ይቀልዳሉ።

«ጋሼ፣ ታርቃችኋል ማለት ነው» አለቻቸው ሰፊዋ አንድ ቀን።

«የቱን ነው የምንታረቀው?» አሉ ምስማሩን ከከንፈራቸው አውጥተው። «ስለ ጉልበትና ስለ ቅብብል ነው የምናወራው። ትናንት ማታ ‹ጤናሽ እንዴት ነው› ብዬ ጻፍኩ፤ ሳልልከው አጠፋሁት። ስምንት ሰው እያየ ‹ጤናሽ እንዴት ነው› ይባላል? ‹አጥቂሽ እንዴት ነው› ብዬ ላኩ።»

«ምን አለች?»

«ቁርጭምጭሚቱን ታሟል አለች።»

እንዲህ እያሉ የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። የመጨረሻው ግጥሚያ ከባዶ እግር ጋር ነው። ጥንድ ስምንተኛ ነው፤ አቻ ከወጣ ይተርፋል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ቆራጩ ቡድኑን መረመረው። ሽማግሌዎቹ ተቀብተዋል፣ አርፈዋል፣ የታመመ የለም። ባዶ እግር ሦስተኛ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ አይወርድም።

ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «አባዬ፣ እሑድ አቻ ይበቃሃል አይደል? እኔ የሚያስቸኩለኝ የለም። ትንንሾቹን አሰልፋለሁ።»

ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች። «ትረፍ ልትላቸው ነው» አለች ለቆራጩ ቀስ ብላ። ወጣሪው አነበቡት፣ ስልኩን በላስቲክ አሰሩት፣ አንድ የሴት ጫማ አንሥተው መወጠር ቀጠሉ። መልስ አልጻፉም።

ማምሻውን ሽርጡን ሲያወልቁ ቆራጩ ጠጋ አለ። «ልምምዱን ቀላል አደረጉት አይደል ጋሼ? ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«አሮጌ ቆዳ ምን ይደረጋል አልኩህ?»

«ይቀባል።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

እሑድ ውጤቱ ሲመጣ አራት ለዜሮ ነበር። ልጅቷ እንዳለችው ትንንሾቹን ነበር ያሰለፈችው፤ ግን የጥንድ ሽማግሌዎች ከሃያኛው ደቂቃ ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም። ሦስቱ ተጎድተው ወጡ። በረኛው አራተኛውን ጎል ቆሞ አየው። ጥንድ ወረደ። ሰሌዳው ላይ የወጣችው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «አባዬ፣ ሽማግሌዎችህ ምን ሆነው ነው?» ወጣሪው አነበቧት፤ መልሱን ሳይጽፉ ግን ከምድቡ ወጥተዋል።

ሰኞ ጠዋት ወጣሪው ዘግየት ብለው መጡ። የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል፣ ጺማቸውን ተላጭተዋል፣ በእጃቸው አንዲት ትንሽ ቦርሳ አለች። ሰፊዋ የማጽናኛ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ኮቱን ስታይ ዋጠችው።

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ እፈልጋለሁ» አሉ።

«ሐሙስ ቆዳ ይመጣል እኮ።»

«ሐሙስ እዚህ ነኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ልጄ ጋ። ምን ሆነው ነው ብላ ጠይቃኛለች። መልስ የምጽፍበት ቦታ የለኝም።»

እትዬ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን አልፈለጉም። «በሉ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት» አሉ። ወጣሪው በየጠረጴዛው እየዞሩ ተሰናበቱ፤ ሰፊዋን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፣ ቆራጩን «አንተ ልጅ፣ ማስቲሹን ክፍት አትተወው» አሉትና ወጡ።

ቆራጩ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያይ ነበር። ሊጉን ያቋቋመ ሰው የሁሉንም ክለብ የልምምድ መዝገብ ማየት ይችላል፤ እሱም ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነው የጥንድን እየፈለገ ነበር። አገኘው። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ልጅቷ ከጻፈች ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሩጫ፣ ከባድ። ጣት ስቶ ነው እንዳይል፣ ትእዛዙ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለየብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከበረኛው ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ተሰጥቷል። ለሁለቱ ልጆች ብቻ ዕረፍት።

የልጃቸውን ምጽዋት ላለመቀበል ነው? ወይስ ያንን ሰሌዳ ዘግተው ወደ እሷ ለመሄድ ምክንያት ፈልገው? ወይስ አንዲት ቀን እንኳ እነዚያ ሽማግሌዎች ሲሮጡ ለማየት አምሯቸው? እያንዳንዱ መልስ ወጣሪውን ይመስላል።

«ጋሼ» አለና ብድግ አለ። ሰፊዋ «ወጥተዋል እኮ» አለችው። ስልኩን እንደያዘ፣ ጉልበቱን እየረገመ ደረጃውን ወረደ። መለዋወጫ ሻጩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ማዶውን በአገጩ አሳየው። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ መንገድ ገብቷል፤ ወጣሪው በመስኮቱ በኩል ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቦርሳቸውን ከላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ይንጠራሩ ነበር።